በኮርቻ ላይ ሆኖ የታየ መንደር

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት አቆየን። የክርክሩ መነሻ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስነው አንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው ጆርጅ ከርዘን ነው፤ በኋላ የህንድ እንደራሴ፥ ቀጥሎም የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሎርድ ከርዘን። መጽሐፉም በፋርስ አገር ስላደረገው ጉዞና ስለ ፋርስ ጉዳይ የሚናገር ሁለት ትልልቅ ጥራዝ ነው። ከጓደኞቼ አንዱ «ይህን የመሰለ ጥናት አንድ ሰው ብቻውን መሥራቱ ያስደንቃል፤ አገር እንዴት እንደሚጠና ከዚህ እንማር» አለ። ሌላው ደግሞ «የቅኝ ገዥ መጽሐፍ ነውና ከመደርደሪያው ይውጣ» ሲል መለሰለት። በበኩሌ ሁለቱም የተሳሳቱ መስሎ ስለ ታየኝ፥ ያን ሌሊት አጥርቼ ለመናገር ያልቻልሁትን በዚህ ጋዜጣ ለመጻፍ ተነሣሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ለሰውዬው የሚገባውን እንስጠው። ከርዘን ወደ ፋርስ የገባው በ1889 በመጸው ወራት ሲሆን ዕድሜው ገና ሠላሳ ነበር። የፓርላማ አባል ነው፤ ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣም ይጽፋል። ሩሲያ ከካስፒያን ባሕር ማዶ አዲስ በዘረጋችው ባቡር እስከ አሽካባድ መጣ፤ ከዚያ ተራራውን በፈረስ ተሻግሮ በቁቻን በኩል ማሽሃድ ገባ። ከማሽሃድ እስከ ቴሕራን ያለውን ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በፖስታ ፈረስ ጋለበ፤ ከቴሕራንም በኢስፋሃንና በሺራዝ አድርጎ እስከ ቡሽሕር ወደብ ወረደ። ከወጣትነቱ ጀምሮ የጀርባ አጥንት ሕመምተኛ ስለ ነበረ ወገቡን በብረት መደገፊያ ታጥቆ የሚኖር ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሰነፍ ሊለው የሚችል የለም።

ነገር ግን የጉዞውን ዓይነት ልብ ብለን እንመልከት። ፋርሶች «ቻፓር» የሚሉት የፖስታ ፈረስ ጉዞ አሠራሩ እንዲህ ነው። በመንገዱ ላይ በጥቂት ፋርሳክ ርቀት የፈረስ መለወጫ ጣቢያ አለ፤ አንድ ፋርሳክ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገደኛው የደከመውን ፈረስ ይመልሳል፥ ሌላ ይቀበላል፥ ይጋልባል። ማታ ደርሶ ጎሕ ሳይቀድ የሚነሣ ሰው በመንደሩ የሚያገኘው የጣቢያውን ጠባቂና ፈረስ የሚከተለውን ልጅ ነው። ከተማ ሲደርስ ደግሞ አገረ ገዢው ይቀበለዋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሕዝብ፥ ማለት የአገሩ አብዛኛው ሰው፥ ለእርሱ ከመንገድ ዳር የሚታይ ነገር ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በፋርስ ደረቅ ሜዳ ላይ የሚጋልብ ሰው ከተራራው ግርጌ እስከ መንደሩ በተርታ የተቆለለ አፈር ያያል። ይህ ከሥሩ «ቃናት» የሚባል የውሃ መንገድ ያለበት ምልክት ነው። ከተራራው ሥር አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ከዚያ ውሃው ያለ ምንም መሣሪያ በራሱ ተንደርድሮ እንዲወርድ ቀስ ብሎ የሚያዘቀዝቅ ዋሻ ከመሬት በታች ለብዙ ኪሎ ሜትር ይፈለፈላል፤ የቆለሉ አፈርም ለአየርና ለጥገና ከተቆፈሩት ጉድጓዶች የወጣ ነው። ቆፋሪዎቹ ሙያውን ልጅ ከአባቱ እየተማረ ይዘውት የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ዋሻው ተደርምሶባቸው የቀሩትም ብዙ ናቸው። ከኮርቻ ላይ የሚታየው ግን ቆለሉ ነው።

ውሃው የማን ነው? መሬቱስ? በፋርስ በብዙ ቦታ ይሠራበት የነበረው ልማድ አዝመራውን በአምስት መክፈል ነበር፤ አንዱ ለመሬት፥ አንዱ ለውሃ፥ አንዱ ለዘር፥ አንዱ ለበሬ፥ አንዱ ለጉልበት። መሬቱና ውሃው የባለ ርስቱ ነው። ዘሩንና በሬውንም ባለ ርስቱ ካቀረበ፥ ጉልበቱን ብቻ ላዋጣው ገበሬ የሚቀርለት ከአምስት አንድ እጅ ነው። አያቶቻችን እርቦና ሲሶ ሲሉ ለሰማ ሰው ይህ ሂሳብ አዲስ አይሆንበትም።

ከርዘን ስለ ቃናት አልጻፈም፥ ስለ ግብር አላወቀም አልልም። ጽፏል፤ ያውቃልም። ዳሩ ግን መጽሐፉ ለሠራዊቱ፥ ለባቡር ሐዲድ፥ ለመንግሥቱ ገቢ፥ ለንግዱ፥ ለባሕረ ሰላጤው፥ ለእንግሊዝና ለሩሲያ ፖለቲካ ለየብቻው ምዕራፍ ሲሰጥ ለገበሬው ለብቻው የሰጠው ምዕራፍ የለም። ምክንያቱም ሥውር አይደለም። ጸሐፊው መጽሐፉን ያበረከተው በህንድ ለሚያገለግሉ የእንግሊዝ የሲቪልና የጦር ሹማምንት ነው። ፋርስንና ጎረቤቶቿንም ለዓለም ግዛት በሚደረግ ጨዋታ ላይ እንደ ተደረደሩ የቼዝ ጠጠሮች አድርጎ ነበር የመሰላቸው። በጠጠር የሚጫወት ሰው ጠጠሩ ምን እንደሚያስብ መጠየቅ አያሻውም።

እንግዲህ ጓደኛዬ «ጥናት» ያለውን ነገር በውጤቱ እንመዝነው። በ1890 ናስረዲን ሻህ የአገሩን የትምባሆ ንግድ ሁሉ ለሃምሳ ዓመት ታልቦት ለሚባል እንግሊዛዊ ሰጠ። በ1891 ነጋዴው፥ የሃይማኖት አባቱና የከተማው ሕዝብ አንድ ላይ ተነሣ፤ በታኅሣሥም በታላቁ የሃይማኖት መሪ በሚርዛ ሺራዚ ስም ትምባሆ እንዳይነካ የሚከለክል ቃል ወጣ። ሕዝቡ ማጨሱን ተወ። በሻህ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያሉት ሴቶች እንኳ ጋያቸውን እንዳስቀመጡ ይነገራል። በጥር 1892 ሻህ ውሉን ለመሰረዝ ተገደደ። የከርዘን ሁለት ጥራዝ የታተመው በዚያው በ1892 ነው። ሕዝቡ ጠጠር አለመሆኑን ያሳየው መጽሐፉ ወጥቶ ሳያልቅ ነበር ማለት ነው።

በ1906 ፋርሶች ታግለው ሕገ መንግሥትና ምክር ቤት አገኙ። በነሐሴ 1907 እንግሊዝና ሩሲያ፥ ባለቤቱን ሳይጠይቁ፥ አገሩን በሦስት ከፈሉት፤ ሰሜኑን ለሩሲያ፥ ደቡብ ምሥራቁን ለእንግሊዝ፥ መካከሉን ለማንም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። እኛም ይህን ጨዋታ በሩቅ የምናየው አይደለም። ከዚያ በፊት ገና በታኅሣሥ 1906 እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ኢትዮጵያን በጥቅም ክልል የሚከፋፍል ውል በለንደን ተፈራርመው ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም ውሉ የግዛት ሥልጣናቸውን የማይነካ መሆኑን አስታውቀዋል። ከርዘን በበኩሉ የ1907ን ውል በ1908 በእንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት ተቃወመ። የተቃወመው ግን ፋርስ ተበደለች ብሎ ሳይሆን እንግሊዝ ያገኘችው አነሰ ብሎ ነው።

የመጨረሻው ፈተና በ1919 መጣ። ከርዘን የውጭ ጉዳዩን ሥራ ይዞ ሳለ የፋርስ ሠራዊትና ገንዘብ በእንግሊዝ አማካሪዎች እጅ እንዲሆን፥ ለፋርስም ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ብድር እንዲሰጥ ከቴሕራን መንግሥት ጋር ውል አደረገ። ለሦስት የፋርስ ሚኒስትሮች በምስጢር ገንዘብ መከፈሉም በኋላ ተገለጠ። ሕዝቡ ውሉን ጠላው፤ ምክር ቤቱ ሳያጸድቀው ቀረ፤ በ1921ም ተሰረዘ። በእንግሊዝ አገር ስለ ፋርስ ከሁሉ ይበልጥ ያውቃል የሚባለው ሰው፥ ፋርሶች እምቢ እንደሚሉ አላወቀም። ሠላሳ ዓመት የተደገፈበት ዕውቀት የጎደለው ነገር ቢኖር ይኸው ነበር።

«ታዲያ ቋንቋውን መማር፥ ቆይቶም ከሕዝቡ ጋር መኖር ነው» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ እውነት ነው። ኤድዋርድ ብራውን የሚባለው የካምብሪጅ ሊቅ ከከርዘን ትንሽ ቀደም ብሎ፥ በ1887 እና በ1888፥ ፋርስን ዞረ። ቋንቋውን ያውቃል፤ ከነጋዴውም፥ ከደርቪሹም፥ ከተናቀውም ጋር ተቀምጦ ይወያያል። በኋላም ለሕገ መንግሥቱ ትግል ተከራከረ፤ ታሪኩንም በ1910 አሳተመ። ይህ መልካም ምሳሌ ነው። ነገር ግን አን ላምብተንን ደግሞ እንመልከት። እርሷ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በቴሕራን የእንግሊዝ ሌጋሲዮን የፕሬስ ጉዳይ ኃላፊ ነበረች። ፋርስኛን አጥርታ ታውቃለች፤ መንደሮቹን በእግርም በፈረስም ዞራለች። ስለ ባለ ርስትና ስለ ገበሬ የጻፈችው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል። ሆኖም በ1951 ሙሐመድ ሞሳዴቅ የአገሩን ዘይት የአገሩ ባደረገ ጊዜ፥ ከእርሱ ጋር መስማማት አያስፈልግም ብላ የእንግሊዝን መንግሥት ከመከሩት አንዷ እርሷ ነበረች። መጽሐፏ የታተመው በ1953 ነው፤ ሞሳዴቅም በእንግሊዝና በአሜሪካ እጅ የወደቀው በዚያው ዓመት በነሐሴ ነው። ስለዚህ ከኮርቻ መውረድ ብቻውን አይበቃም። የተማርነውን የምንነግረው ለማን ነው የሚለው ጥያቄ ይቀራል።

ጥያቄውን የማነሣው በእንግሊዞች ለመፍረድ ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት ለመመረቂያ ጽሑፌ መጠይቅ ይዤ ወደ አንድ ገጠር ወርጄ ነበር። በሦስት ቀን አርባ ቤት ጨረስሁ፤ በፍጥነቴም ኰርቼ ነበር። አንድ ሽማግሌ ግን የበሬያቸውን፥ የማሳቸውንና የልጆቻቸውን ቁጥር ከነገሩኝ በኋላ «ልጄ፥ ዓምናም እንዳንተ ያለ አንድ ልጅ መጥቶ ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር። የወሰደውን የት አደረሰው?» አሉኝ። «አላውቅም፥ አባባ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። የእኔስ የት እንደሚደርስ አውቅ ኖሯል? ለመምህሬ ይሰጣል፤ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከዚያም በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። እኔም የመጣሁት በቻፓር ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ለሁለቱ ጓደኞቼ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። መጽሐፉ ከመደርደሪያው አይውጣ። ከርዘን የለካውን መንገድና የቈጠረውን ሀብት ማንበብ ይጠቅማል፤ ኃይለኛ መንግሥት ሌላውን አገር እንዴት አድርጎ እንደሚመለከት በግልጽ የሚያሳይ ከእርሱ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ነገር ግን ብቻውን አይነበብ፤ የትምባሆውን ዓመትና የ1919ን ውል አጠገቡ አስቀምጠን እናንብበው።

ሁለተኛው ነገር በእጃችን ያለ ነው። ከእኛ መካከል ወደ ገጠር ለጥናት የሚወርድ ሁሉ የጻፈውን በሁለት ገጽ፥ መንደሩ በሚናገረው ቋንቋ አሳጥሮ ይዞ ይመለስ፤ ቁጥሩን በሰጡት ሰዎች ፊት ያንብበው፤ ተሳስቶ እንደሆነም ያርሙት። መምህሮቻችንም ይህን ከመመረቂያ ጽሑፉ ግዴታ አንዱ ቢያደርጉት ለዕውቀቱም ይበጃል፤ የገበሬውን ሂሳብ ከገበሬው ይበልጥ የሚያርም የለምና። ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባው እንዲነጋገርበት አሳስባለሁ። እኔ በበኩሌ ትምህርት ሲዘጋ ለሽማግሌው የምነግራቸውን መልስ ይዤ ወደዚያ መንደር እመለሳለሁ።