የመጫወቻ ባቡርም ዘመን አለው

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ስላለፈ ዘመን የሚተርክ ፊልም አይተን ስንወጣ የምንከራከረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ልብሱ፥ ስለ መኪናውና ስለ ጦር መሣሪያው ነው። «ያ ወታደር የያዘው ጠመንጃ በዚያን ጊዜ ገና አልተሠራም ነበር» የሚል ተማሪ ከመካከላችን አይጠፋም፤ ሁላችንም ዐዋቂ ነው ብለን እናደንቀዋለን። ነገር ግን «በክፍሉ ጥግ ምንጣፍ ላይ ስትዞር የታየችው የልጁ መጫወቻ ባቡር ታሪኩ ከተፈጸመበት ዘመን ኻያ ዓመት ዘግይታ የተሠራች ናት» የሚል ቢነሣ የሚጠብቀው ሣቅ ነው። «መጫወቻ አይደለም እንዴ? ምን አስጨነቀህ?» ይባላል። የተከበራችሁ አንባብያን፥ እኔ ዛሬ ጥብቅና የምቆመው ለዚህ ለሚሣቅበት ሰው ነው።

ነገሩን ወደ ራሳችን አቅርበን እንየው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ መጓዛቸውን የሚያሳይ ፊልም ተሠርቶ፥ በፊልሙ ላይ የሚታየው በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ቢሆን ተመልካቹ ሁሉ በአንድነት በጮኸ ነበር። ወላጆቻችንም ገንዘባችን ይመለስልን ባሉ ነበር። ትልቁ ባቡር ዘመን ካለው ትንሹ ባቡር ዘመን የማይኖረው በምን ምክንያት ነው? እኔ እንደ መሰለኝ ምክንያቱ፥ ልጅ በየትኛውም ዘመን ያው ልጅ ነው፥ የልጅ ዕቃም ታሪክ የለውም ብሎ ማሰብ ነው። የምቃወመውም ይህንኑ አሳብ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከእንግሊዝ አገር ልጀምር። ኢዲት ኔስቢት የተባለችው ደራሲ በ1906 «የባቡር ሐዲድ ልጆች» የሚል መጽሐፍ አሳተመች፤ በ1970 ደግሞ ሊዮኔል ጄፍሪስ ፊልም አድርጎ አዘጋጀው። በመጽሐፉ ውስጥ ፒተር የሚባለው ልጅ ለልደቱ የተሰጠው ትንሽ ሎኮሞቲቭ ብዙም ሳይቆይ በታላቅ ድምፅ ይፈነዳል። ኋላም እኅቱ የተሰበረውን ዕቃ ይዛ ወደ እውነተኛ ባቡር ነጂ ትሄድና እንዲያበጅላት ትለምናለች። እንግዲህ በሞላ የሚሄድ መጫወቻ ሞላው ይበጠስ እንደ ሆነ እንጂ አይፈነዳም። የሚፈነዳው በእንፋሎት የሚሄደው ነው፤ በሆዱ ውሃ ይይዛል፥ ከሥሩ በአልኮል የሚነድ ትንሽ መብራት ይቀመጥለታል፥ ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ መንኰራኵሮቹን ያዞራል። ከትልቁ ባቡር ጋር አንድ ጠባይ ያለው ታናሽ ወንድም ነው፤ ልጅቱ ወደ ባቡር ነጂው መሄዷም አለምክንያት አይደለም። የፊልም ዕቃ የሚያቀርበው ሰው በዚህ ፈንታ በ1930ዎቹ የተሠራ ባለ ሞላ ባቡር ቢያመጣ የሚበላሸው ጌጡ ብቻ ሳይሆን ታሪኩ ራሱ ነው።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ልጆች እጅ ከነበሩት የመጫወቻ ባቡሮች ብዙዎቹ የጀርመን ሥራ ነበሩ። በኑረንበርግ የነበረው የቢንግ ፋብሪካ በኖርዝሃምፕተን ከተማ ለሚገኘው ለባሴት ሎክ የንግድ ቤት፥ የእንግሊዝ ምድር ባቡር ኩባንያዎችን ቀለም እየቀባ ሎኮሞቲቮች ይሠራለት ነበር። ዛሬ የእንግሊዝ ልጅነት ምልክት ሆኖ የሚቈጠረው የሊቨርፑሉ የፍራንክ ሆርንቢ ባቡር ለገበያ የወጣው ግን በ1920 ነው። ስለዚህ በነሐሴ 1914 ጦርነቱ ሲታወጅ አንድ የሎንዶን ልጅ ምንጣፍ ላይ የሚያስኬደው ባቡር ጀርመን አገር የተሠራ ሊሆን ይችል ነበር፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ጀርመኖችን ለመውጋት ይመዘገባል። ይህን የመሰለ ነገር ለፊልም አዘጋጅ በነጻ የተሰጠ ስጦታ አይደለምን? በዚያ ቦታ የሆርንቢን ባቡር የሚያስቀምጥ አዘጋጅ ግን ከእጁ ምን እንደ ወደቀበት እንኳ አያውቅም።

ወደ አሜሪካ ስንሻገር ምልክቶቹ በዐይን የሚታዩ በመሆናቸው ነገሩ ይቀላል። ጆሹዋ ሊዮኔል ካወን በ1900 በኒው ዮርክ ያቋቋመው የሊዮኔል ኩባንያ ባቡሮች በሦስት ሐዲድ ላይ ይሄዱ ነበር፤ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው በመካከለኛው ነው። ልጆቹ እውነተኛው ባቡር ሁለት ሐዲድ ብቻ እንዳለው እያወቁ ሦስተኛውን እንዳላዩ ሆነው ይጫወቱ ነበር። ተወዳዳሪው አሜሪካን ፍላየር በሁለት ሐዲድ የሚሄደውን ባቡር ይዞ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ነው። የሊዮኔል ባቡር ማፏጨት የጀመረው በ1935፥ መጤስ የጀመረው ደግሞ በ1946 ነው፤ ጢሱም የሚገኘው ክኒን የምትመስል ነገር በአምፑል ሙቀት ስትግል ነበር። እንግዲያስ «የ1938 ገና ነው» በተባለ ፊልም ላይ የሊዮኔል ባቡር ጢሱን እያትጎለጎለ ቢያልፍ፥ ልጁ ስምንት ዓመት ወደ ፊት ሄዶ የገዛው ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን በሚገባ መለየት አለበት። መጫወቻው ከፊልሙ ዘመን በፊት የተሠራ ቢሆን ስሕተት የለበትም። ከአባት ወይም ከታላቅ ወንድም የተወረሰ ይሆናል፤ ድኻ ቤትም አዲስ ዕቃ ሁልጊዜ አይገባም። በ1930ዎቹ ቤት ውስጥ የ1910 ባቡር ቢታይ እንዲያውም ስለ ቤተ ሰቡ የሚነግረን አለው። ስሕተቱ ገና ያልተወለደውን ዕቃ ማሳየቱ ላይ ነው። ደግሞም ዓመቱ ልክ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ሊዮኔል በ1957 ለሴቶች ልጆች ብሎ ሎኮሞቲቩን ሮዝ ቀለም ቀብቶ አወጣ፤ የሚገዛው ግን ጥቂት ሰው ሆነ። ሴት ልጅ ባቡር ከፈለገች የምትፈልገው ባቡር የሚመስል ባቡር ነው፤ እኅቶቻችን ይህን ለማወቅ ፋብሪካ ማቋቋም አያሻቸውም ነበር። ታዲያ የዚያን ዘመን ልጃገረድ ሁሉ ሮዝ ባቡር እንደ ነበራት የሚያስመስል ፊልም ቢሠራ ዓመቱ ትክክል፥ ነገሩ ውሸት ይሆናል።

አዘጋጆቹም የሚሉት አላቸው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ከተሠሩት መጫወቻዎች ብዙዎቹ በቅልጥ ዚንክ የተሠሩ ክፍሎች ነበሯቸው። በዚንኩ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ከተቀላቀለ ዕቃው ከዓመታት በኋላ በራሱ ጊዜ እየተሰነጣጠቀ ይፈረካከሳል። እንዲህ ያለውን ሽማግሌ በመብራት ሥር ዐሥር ጊዜ አስኪዱልን ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ በጥንቱ ቅርጽ ዛሬ የተሠራ ቅጂ ቢያቀርቡ አልቃወምም። ሕልምም ከሆነ እተወዋለሁ፤ በማርቲን ስኮርሲዚ «ሁጎ» ላይ፥ በ1931 የሚኖረው ልጅ በ1895 በፓሪስ በሞንፓርናስ ጣቢያ የደረሰውን የመሰለ የባቡር አደጋ በሕልሙ ያያል፤ ሕልምን በቀን መቁጠሪያ ማን ያስገድደዋል? ድምፁን ግን አልምርም። በቆርቆሮ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ባለ ሞላ ባቡር ይንኳኳል እንጂ እንደ ትልቁ ባቡር አይተነፍስም።

«ዋናው የሰዎቹ ታሪክ ነው» የሚሉም አሉ። ለእነርሱ የስቲቨን ስፒልበርግን «ዘ ፌብልማንስ» (2022) እጠቅሳለሁ። አንድ ሕፃን በ1952 ሲኒማ ቤት ገብቶ ሴሲል ዴሚል በሠራው ፊልም ላይ የባቡር ግጭት ያይና ይደነግጣል። በሐኑካ በዓል የኤሌክትሪክ ባቡር ሲሰጠው ግጭቱን በቤቱ ይደግመዋል፤ አባቱ ዕቃው እንዳይሰበር ይሰጋል፤ እናቱ ግን አንድ ጊዜ አጋጭቶ በካሜራ ቢያነሣው ደጋግሞ ሊያየው እንደሚችል ትነግረዋለች። (የዴሚልም ግጭት ትንንሽ ባቡሮች የገቡበት ነበር፤ ያስደነገጠው ለካ የመጫወቻው ዘመድ ኖሯል።) በዚህ ታሪክ የአባቱ ሥጋት የሚገባን ባቡሩ ከባድ፥ የብረትና ውድ በመሆኑ ነው። ቀላል የፕላስቲክ ባቡር ቢሆን ኖሮ አባቱ በከንቱ የሚነጫነጭ ሰው በመሰለን ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን በጦርነት ዘመን ፊልም ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ነው። አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ በ1942 መንግሥቷ ብረት ለመጫወቻ እንዳይውል ከለከለ። የሊዮኔል ፋብሪካም ባቡር መሥራቱን አቁሞ ለባሕር ኀይሉ ኮምፓስና ሌላም መሣሪያ ወደ መሥራት ዞረ። በ1943 ከካርቶን የተሠራ ባቡር ለገበያ አቀረበ። ሎኮሞቲቩ፥ ፉርጎዎቹ፥ ሐዲዱ ሳይቀር ካርቶን ነበር። ልጁ ክፍሎቹን እየነቀለና እያጠፈ ራሱ ይገጣጥማቸዋል፤ መገጣጠሙም አድካሚ ነበር። ሞላ የለው፥ ኤሌክትሪክ የለው፤ በእጅ ይገፋል። የብረቱ ባቡር ተመልሶ የመጣው በ1945 መጨረሻ ነው።

ታዲያ በ1943 የገና ጧት አዲስ የብረት ባቡር ከሳጥኑ ሲወጣ የሚያሳየን ፊልም ጦርነቱን ከልጁ ክፍል አስወጥቶታል። አባትየው ባሕር ማዶ ዘምቷል፥ እናቲቱ ፋብሪካ ገብታለች፥ ስኳር በራሽን ነው፤ ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ያሳየናል። ልጁ ግን ጦርነቱ ምንም ያልነካው ሰው ሆኖ ይቀራል። እርሱም የሚችለውን ያህል ከፍሎ ነበር።

እኔ ያን የካርቶን ባቡር በፊልም ላይ ባየው ደስ ይለኛል። እናትና ልጅ ራት በተነሣበት ጠረጴዛ ላይ መብራት አስጠግተው አልገጥምም ያለውን ፉርጎ ሲታገሉት፥ አንዱን ጎን ሲያቆሙት ሌላው ሲወድቅባቸው፥ በመጨረሻም ልጁ በአንድ ጣቱ ቀስ አድርጎ ሲገፋው ማየት ነው የምፈልገው። ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ወጪውም ብዙ አይደለም፤ ካርቶን ነው።