የሂሳብ መዝገብና ሁለተኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም



እንደሚታወቀው ሁሉ የዛሬ ነጋዴ የዱቤ መዝገቡን በላፕቶፕ ይጠብቃል። እኔም በወገዳ ከተማ በአንድ የእህል ነጋዴ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዓመት ስለ ሠራሁ፥ በዚህ ጉዳይ ያለኝን አሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ላፕቶፑ ሲበራ ተነሥቶ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድር ዋና ፕሮግራም ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን የጥበቃ እድሳት፥ ለተመዘገቡ ከሚሰጠው አጭር ማራዘሚያ በቀር፥ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የጥበቃ ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙዎቹ አሮጌ ላፕቶፖች አይቀበሉትም። ስለዚህ በ1991 እ.ኤ.አ. ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ የጀመረውንና ያለ ክፍያ የሚገኘውን ሊኑክስን የሚሹ በዝተዋል። ነገር ግን ፒችትሪን የመሰለው የሂሳብ ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ፥ ነጋዴ ሁለቱንም በአንድ ላፕቶፕ ማኖር ግድ ይሆንበታል።

አሳቡ መልካም ነው፤ አደጋው ግን በአፈጻጸሙ ላይ ነው። በሥራ ቤታችን አንድ ወጣት ሁለተኛውን ሲስተም ለመጫን ዲስኩን በመክፈል ላይ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ባትሪው ያረጀ ስለ ነበረ የሦስት ወር የዱቤ ሂሳብ አብሮ ጠፋ። በየደንበኛው ቤት እየዞርን «ስንት ነበረብዎ?» እያልን፥ የሰውን ሕሊና አምነን መዝገቡን እንደገና ጻፍን። ጥፋቱ ቅጂ ያላስቀመጥነው የእኛ እንጂ የልጁ አይደለም።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት የሂሳብ መዝገብ ያለበት ዲስክ ከቶ አይከፈል የሚል ነው። ሊኑክስ በውጭ በሚሰካ ዲስክ ላይ ይጫን፤ የመነሻው ክፍልም በዚያው በውጭው ዲስክ ላይ መሆኑ ይረጋገጥ። ከዚያ በፊት የመዝገቡ ቅጂ ተወስዶ በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ይፈተን፤ ያልተፈተነ ቅጂ እንዳልተቀዳ ይቆጠራልና። ቢትሎከር የሚባለው ቁልፍ በላፕቶፑ ላይ ካለ፥ ባለ 48 አኃዙ የመክፈቻ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በገንዘብ ሣጥን ይቀመጥ። ዊንዶውስን ፈጥኖ የሚያስነሣው ፋስት ስታርትአፕም ይዘጋ፤ ይህ ካልተደረገ ዊንዶውስ በሙሉ ሳይዘጋ ስለሚቀር፥ ከሊኑክስ በኩል በዲስኩ ላይ ቢጻፍ ፋይል ይበላሻል።

ሰዓቱንም መርሳት አይገባም። ሊኑክስ የላፕቶፑን ውስጣዊ ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሚይዘው፥ ካልተስተካከለ ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከጧቱ በ2 ሰዓት የተሸጠ ዕቃም ከሌሊቱ በ11 ሰዓት እንደ ተሸጠ ሆኖ ይመዘገባል።

ከዚህ በኋላ ኢንተርኔትና እንግዳ ሰው ያመጣው ፍላሽ በሊኑክስ በኩል ብቻ ይከፈት፤ ለዊንዶውስ የተሠራ ቫይረስ በዚያ ብዙውን ጊዜ አይሠራምና። በዊንዶውስ ሂሳብ ብቻ ይሠራበት።

የአገራችን ገበሬ ለዘር ያሰበውን እህል ከሚበላው ጋር አያቀላቅልም፤ በክፉ ቀን እንኳ የሚሳሳለት ለዘሩ ነው። የነጋዴ ዘሩ መዝገቡ ስለሆነ፥ ሁላችንም እንደዚሁ ለይተን እንድንጠብቀው በትሕትና አሳስባለሁ።