ሱላ ሥልጣን ለቀቀ ያለው ማን ነው?

የአምባገነኖች ነገር በተነሳ ቁጥር አንድ ሮማዊ በበጎ ይጠቀሳል፤ ሉክዮስ ኮርኔሊዎስ ሱላ። ሮምን በመዳፉ ጨብጦ ሳለ፣ ማንም ሳያስገድደው ወንበሩን ትቶ ቤቱ ገባ ይባልለታል። ደስ የሚል ተረት ነው። ሱላ የለቀቀው ማዕረጉን ብቻ ነው።

ዋናው ነገር የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ88 ነው። ሱላ ያን ጊዜ ቆንስል ነበር፤ የጶንጦሱን ንጉሥ ሚትሪዳጥስን የመውጋቱ ዘመቻም ለእሱ ተሰጥቶ ነበር። ሱልፒክዮስ የሚባል ትሪቡን፣ ማለትም የሕዝብ እንደራሴ፣ ግን በሕዝብ ድምፅ ዘመቻውን ነጥቆ ለሽማግሌው የጦር አዛዥ ለማርዮስ ሰጠበት። እንዲህ የተበደለ ሮማዊ ቢበዛ ይከስሳል፣ ወዳጅ ያሰባስባል፣ ቀን ይጠብቃል። ሱላ ግን ኖላ አጠገብ ወደሰፈረው ጦሩ ሄዶ በደሉን ለወታደሮቹ ተናገረ። ወታደሮቹም ሒሳባቸውን ሠሩ፤ ማርዮስ ከዘመተ የራሱን ሰዎች ይዞ ይሄዳል፣ የምሥራቁ ምርኮም ለሌላ ይሆናል። የማርዮስን መልእክተኞች በድንጋይ ወግረው ገደሉ፤ ስድስት ሌጌዎን ፊቱን ወደ ሮም አዞረ።

መኮንኖቹ ግን ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ጥለውት ሄዱ። የሱላ ወገን የነበሩት ባላባቶች እንኳ የነገሩን ክፋት ያን ዕለት ተረድተውት ነበር፤ ዛሬ እሱን የሚያወድሱት አልተረዱትም። ተራው ወታደር ተከተለው፤ የሮም ጦር የአዛዡ ንብረት ሆነ። ሱልፒክዮስ ተገደለ፣ ማርዮስ ወደ አፍሪካ ሸሸ።

በ82 ሱላ ከምሥራቅ ተመልሶ ሮምን ዳግመኛ በጦር ያዘ። የሚገደሉ ሰዎች ስም በአደባባይ ተለጠፈ፤ ገዳይ ተሸለመ፣ የሟች ንብረት በሐራጅ ተሸጠ፣ ልጆቹም ሹመት ተከለከሉ። ከስድስት ወር እንዳያልፍ በልማድ የተወሰነውን የዲክታተርነት ሹመት ያለ ገደብ ወሰደ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ «ለቀቀ» የሚባለው። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ሞቷል። የትሪቡኖች ሥልጣን ተቆርጧል። ሴኔቱ በእሱ ሰዎች ተሞልቷል። የቀድሞ ወታደሮቹ በተወረሰ መሬት ላይ ሰፍረዋል። ነጻ ያወጣቸው ከአሥር ሺህ በላይ ባሮች ኮርኔሊዎስ የሚለውን ስሙን ተሸክመው በከተማው ይዘዋወራሉ። እንዲህ የታጠረ ሰው ወንበር ምን ያደርግለታል?

«ሕጎቹ ግን ሴኔቱን አጠናክረዋል» የሚሉ አሉ። በ70 ፖምፔይና ክራሱስ፣ ሁለቱም የራሱ ሰዎች የነበሩ፣ ቆንስል ሆነው የትሪቡኖቹን ሥልጣን መለሱ። የዋናው ሕጉ ዕድሜ ይኸው ነው፤ ሌላ ክርክር አያሻውም።

ዕድሜ ያገኘው ምሳሌነቱ ነው። በ49 ቄሣር በአንድ ሌጌዎን ሩቢኮንን ሲሻገር፣ ሱላ በስድስት ሌጌዎን በጠረገው መንገድ ነው የሄደው። ተቃዋሚው ፖምፔይም ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣ ነበር፤ ሲሴሮ በዚያን ሰሞን ደብዳቤዎቹ ፖምፔይ ሱላን መሆን አማረው እያለ ያማርር ነበር። ጸቡ ሱላን ማን ይወርሰው የሚል ነበር።

ስለዚህ ሪፐብሊኩን ገደለ እየተባለ ቄሣር ብቻውን መወቀሱ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሪፐብሊኩ ኖላ ላይ በ88 ሞቷል፤ ከዚያ በኋላ በሮም የተካሄደ ምርጫ ሁሉ የጦር አዛዦች ጥላ ያጠላበት ነው። ገዥ ወንበሩን ስለተወ ብቻ ሊመሰገን አይገባውም፤ ከእሱ በኋላ ያለ ጦር መግዛት ይቻል እንደሆነ ይጠየቅ። በሱላ ሮም አልተቻለም።