ሸራው የማን ዕዳ ነው?

ሸራ ያው ሸራ ነው፤ ዋናው የገመዱ መጥበቅ ነው የሚለው አስተሳሰብ በጭነት ሥራ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ወደ አዲስ አበባው ሾላ ገበያ ጤፍ፣ በርበሬና ቅመም የሚያመላልሰው አይሱዙም ሆነ ከጅቡቲ የሚመጣው ባለተሳቢ መኪና በአብዛኛው የሚሸፈነው በዚሁ ስሌት ነው። ስሌቱ ርካሽ የሚመስለው ግን ሸራውን የሚገዛውና የሸራውን ጥፋት የሚከፍለው አንድ ሰው ስላልሆነ ነው። ባለመኪናው ይገዛል፤ ዝናብ የመታውን እህል ነጋዴው ይሸከማል፤ ከጭነቱ ጫፍ የሚወድቀው ደግሞ ረዳቱ ነው።

ረዳቱ ከስፖንዳው በላይ በተከመረው ጆንያ ላይ ወጥቶ ሸራውን ይዘረጋል፤ ገመዱን ወዲያና ወዲህ ይወረውራል፤ ወርዶ ከካሶኒው ሥር ካሉት ማሰሪያዎች ጋር እየጎተተ ያስራል። ሐምሌ ላይ ሸራው ውኃ ጠጥቶ ሲከብድም ሥራው ያው ነው፤ በዚያ ከፍታ ላይ የሚጨበጥ ነገር የለም። ገመዱ በጠበቀ ቁጥር ሸራው በስፖንዳው ማዕዘን ላይ ይፋቃል። ቀዳዳው በከመነዳሪ ቁራጭ ይለጠፋል፤ በሚቀጥለው ጉዞ ከጎኑ ሌላ ይከፈታል። በሁለት ጆንያዎች መካከል በሚሰረጉደው ቦታ የተጠራቀመ ውኃ ደግሞ መግቢያ ፈልጎ አያጣም።

የረጠበ ጤፍ ይጓጉላል፣ ይሻግታል፤ ገዢ ቢያገኝም በወረደ ዋጋ ነው። በርበሬ ላይ ነገሩ ይከፋል። በእርጥበት የሚራባው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ መርዙ ደግሞ በወጥ ማብሰያ እሳት አይጠፋም። ስለዚህ በርበሬው እንደገና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ደረቀ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ስለየብስ ዕቃ ማጓጓዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 547/1999 አጓጓዡ ዕቃውን ከተረከበበት እስካስረከበበት ጊዜ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ይሁንና ጭነቱ በደላላ ስልክና በቃል ስምምነት የተነሣ ከሆነ፣ እህሉ ሲጫን ደረቅ እንደነበር የሚያስረዳ ወረቀት ከየት ይመጣል? ዕዳው ወደ ባለመኪናው ሳይመለስ ይቀራል።

ተሰብሳቢ ሸራ የዚህን ችግር ትልቁን ክፍል ይፈታል። በካሶኒው ግራና ቀኝ ሐዲድ ይዘረጋል፤ በሐዲዱ ላይ በኩሽኔታ የሚንሸራተቱ ቅስቶች ይቆማሉ፤ ሸራው ቅስቶቹ ላይ ይወጠራል። አንድ ሰው መሬት ላይ ቆሞ ገፍቶ ይሰበስበዋል። በጭነት መኪኖች ላይ የቀን እንቅስቃሴ ገደብ ባለባት አዲስ አበባ፣ ማራገፉ ብዙ ጊዜ ለጨለማ ስለሚተርፍ፣ ረዳቱ ክምር ላይ አለመውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ተቃዋሚዎቹ ውድ ነው ይላሉ፤ እውነትም ውድ ነው። ነገር ግን ሳይነገር የሚታለፍ ሌላ ምክንያት አለ፤ ቅስት ልክ አለው። ከስፖንዳ በላይ የሚከመረውን ትርፍ ኩንታል ችሎ የሚሸፍነው ልቅ ሸራ ብቻ ነው። የተቃውሞው ግማሽ ከዚህ ይመነጫል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ማለት ግን በካታሎግ ላይ ያማረውን ሁሉ መግዛት ብልህነት ነው ማለት አይደለም። አቧራና ጭቃ ሐዲዱ ውስጥ ሲጋገር ኩሽኔታው ይነክሳል። የአሉሚኒየም ሐዲድ ቀላል ነው፤ ጆንያ ሲወረወርበት ግን ይጎብጣል፤ ብረት የሚበይድ ጋራዥ ሁሉ አሉሚኒየም አይበይድም። በሞተር የሚከፈተው ደግሞ መለዋወጫው እስኪገኝ መኪናውን ያስቆማል። ፕላስቲክ የተቀባ ሸራ ላብም አለው። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ተነሥቶ ጣርማ በር ብርድ ላይ የሚደርስ ጭነት፣ አየር ማስወጫ ከሌለው፣ ዝናብ ሳይዘንብ ከውስጥ ይረጥባል፤ ሽንኩርት ከሆነማ ደብረ ብርሃን ሳይደርስ መታፈን ይጀምራል።

ምርጫው እንግዲህ እንደ ጭነቱና እንደ መንገዱ ነው። ከጅቡቲ ዩሪያ የሚያነሣ ባለተሳቢ መኪና፣ ዩሪያ ከአየር እርጥበት የሚስብ ነገር በመሆኑ፣ ለመኪናውም ለተሳቢውም የየራሱ የብረት ሐዲድና ተሰብሳቢ ሸራ ቢገጠምለት ወጪው ትርጉም አለው። ሾላ ለሚያራግፍ አይሱዙ ግን ሐዲዱ ከናካቴው ይቅር፤ ጋራዥ ውስጥ ከቱቦላሬ የሚበየዱ ቋሚ ቅስቶችና በእጅ እየዞረ ወደ አንድ ጎን የሚጠቀለል ሸራ ይበቃዋል። ማዞሪያ እጀታው ከኋላ ይሁን፤ መኪኖች ጎን ለጎን ተጠጋግተው በሚያራግፉበት ቦታ ከጎን የሚያዞር ሰው መቆሚያ አያገኝም።