ሥልጠና ወይስ ፊርማ ማሰባሰብ?

የባንኩ ካሸር ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ሲያስተናግድ ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ «የግዴታ የኦንላይን ሥልጠና» ይጠብቀዋል። ከውጭ የተገዛ፣ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ፣ ማለቂያ የሌለው ስላይድ። እራቱን እየበላ «ቀጣይ፣ ቀጣይ» ይጫናል። የፈተናው መልስ ከባልደረቦቹ በቴሌግራም ደርሶታል። ሰርተፍኬቱ ይወጣል፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም «ሠራተኞቻችን ሠልጥነዋል» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል።

ይህ ፊርማ ማሰባሰብ ነው። ነገ ሐሰተኛ መታወቂያ ይዞ የመጣ አጭበርባሪ ገንዘብ ቢያወጣ «ሠልጥነሃል፣ ፈርመሃል» ተብሎ የሚጠየቀው ካሸሩ ነው። ሥልጠናው ያዳነው ሠራተኛውን ሳይሆን አለቆቹን ነው።

«በጀት የለም» የሚለው ሰበብም አያዋጣም። ሙድል የተባለው የማስተማሪያ ሶፍትዌር ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። የጠፋው መስኮቱ ጋ ሄዶ ካሸሩን «ምን ያስቸግርሃል?» ብሎ የሚጠይቅ ኮርስ አዘጋጅ ነው። ቅርንጫፉ ባለፈው ወር ከሠራው ስህተት ተነስቶ፣ ካሸሩ ደንበኛውን በሚያናግርበት ቋንቋ የተዘጋጀ የአሥር ደቂቃ ትምህርት ከዚያ ሁሉ ስላይድ ይበልጣል።

ጊዜውም የሠራተኛው የግል ጊዜ መሆን የለበትም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል። ግዴታ የሆነ ሥልጠና ሥራ ነው፤ በሥራ ሰዓት ይሰጥ።

ፓርላማው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ባጸደቀው አዋጅ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። ተፎካካሪ ሲመጣ ደንበኛን የሚያቆየው ሥራውን የሚያውቅ ሠራተኛ እንጂ ፋይል ውስጥ የተከማቸ ሰርተፍኬት አይደለም።