በጣሳ የመጣው አበባ

ባለፈው ዓመት አንድ የክፍላችን ልጅ ዘመዶቹን ለመጠየቅ ወደ ጋምቤላ ወርዶ ሲመለስ፥ ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል በጣሳ ውኃ ይዞልን መጣ። ሁላችንም አደነቅን። ጣሳው በጠበበው ጊዜ፥ «ወደ ሶር ወንዝ እንልቀቀው፤ በዚያ ይባዛል» ብዬ ምክር የሰጠሁት እኔ ነበርሁ። መምህራችን ይህን ሰምተው ተክሉን አድርቀን እንድናቃጥለው አዘዙን። ያን ቀን ቅር ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን መምህሩ ልክ እንደ ነበሩ ለመመስከር ብዕሬን አነሣሁ።

ተክሉ እምቦጭ ይባላል። ትውልዱ የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ወንዝ አገር ሲሆን፥ ወደ ሌላው ዓለም የተጓዘው አበባውን በወደዱ ሰዎች እጅ ነው። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ መታየቱ ተመዝግቧል፤ በጋምቤላም ባሮን ደርሶበታል። በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ታወቀ፤ በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሕዝቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ሰነበተ። ነገር ግን ዘሩ በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላልና፥ የተነቀለው ተመልሶ ይበቅላል።

ከሁሉ ይልቅ በእንግዳ ተክል የሚጎዱት ደሴቶች ናቸው። በባሕር ተከበው ለብዙ ዘመን ብቻቸውን ስለ ኖሩ፥ እፅዋታቸው ከባዕድ ጋር መታገልን አልለመዱም፤ እንግዳውም የሚበሉትን ነፍሳትና የሚያደርቁትን በሽታዎች ባገሩ ትቶ ይመጣል። በሃዋይ እ.ኤ.አ. በ1858 ለጌጥ የገባው የወፍ ቆሎ ብዙ ምድር ወረሰ። በጋላፓጎስ ደሴቶች ደግሞ ጥፋተኛው ዘይቱን ነው! እኛ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በድንጋይ የምናወርደው ዘይቱን፥ በዚያ ከብትና ወፍ ዘሩን እየበተኑለት የደሴቱን ተክል አፈነው። ስለዚህ ተክሉን ክፉ ብዬ አልሰድበውም፤ ቡናችንም ቢሆን ከደናችን ወጥቶ በሰው አገር እንግዳ ሆኖ ይኖራል።

አንዳንድ ሰዎች፥ «ሶር ወደ ታች ይፈሳል፤ እምቦጭ ከባሮ ሽቅብ አይወጣም፤ ምን አስፈራህ?» ይሉኛል። ውኃው ቁልቁል መሄዱ እውነት ነው፤ ሶር ከገባ፥ ገባም ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል። ዳሩ ግን የጣናውም እምቦጭ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በገዛ እግሩ አልወጣም፤ የሰው እጅ አለበት ብዬ እገምታለሁ። ለሶርም የምፈራው እንደኔ ያለውን አማካሪ ነው። ወላጆቻችንም ከቆላ ሲመለሱ ለልጆቻቸው ሌላ ስጦታ ቢያመጡ ይሻላል እላለሁ።

ጣሳው ዛሬም በክፍላችን መስኮት ላይ አለ፤ ጤና አዳም ተክለንበታል።