ስፖርት እየሠራሁ ኪሎዬ አልቀንስ አለኝ

«አራት ወር ሙሉ በየማለዳው ሮጥኩ፤ ሥጋና ቅቤም ተውኩ። ኪሎዬ ግን ንቅንቅ አላለም። ጓደኞቼ ‹ተደብቀሽ ትበያለሽ› ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

እህታችን፣ አይዞሽ! ቅቤውን ብትተዪውም የወጡ ዘይት አለልሽ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሁለት ማንኪያ የግማሽ ሰዓት ሩጫሽን ውጤት ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ወጥ ሲሠራ ዘይቱ በማንኪያ ይለካ።

ወገብሽንም በሜትር ለኪ፤ ጡንቻ ስታወጪ ስብሽ ቢቀንስም ሚዛኑ ላያሳይ ይችላል። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የወር አበባ መዛባት ካለብሽ ታይሮይድሽን ተመርመሪ። የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወስጂ ከሆነም ለሐኪም ንገሪ፤ አንዳንዶችን ያወፍራል።

ጓደኞችሽን ተያቸው፤ ሩጫውን ግን እንዳታቆሚ!